ሴቶች በግጭት ውስጥ፦ ተጎጂም አስታራቂም

እኔ በነቀምቴ ከተማ የምሠራ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነኝ፤ የተማርኩት ደግሞ ሶሲዮሎጂ ነው። በዛሬው ትምህርታችን ብዙዎቻችሁ በቅርብ የምታውቁትን ጉዳይ እናነሳለን።

እንደሚታወቀው ወለጋ በግጭት ብዙ ዋጋ ከፍላለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ገቡ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ለመሆኑ ግጭት ሴቶችን ለምን ይበልጥ ይጎዳል?

አንደኛ፣ ወንዱ ሲሸሽ፣ ሲታሰር ወይም ሲሞት ልጆቹንና አቅመ ደካሞቹን ይዛ የምትቀረው ሴቷ ናት። ሁለተኛ፣ ውሃና እንጨት ፍለጋ ርቃ ስትሄድም ሆነ በመጠለያ ስታድር ለመደፈር ትጋለጣለች። ሦስተኛ፣ መንገድ ሲዘጋ ጤና ጣቢያ መድረስ ያቅታል። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት የምትወስድ እናት ክኒኑ ያልቅባታል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንደገና ይበዛል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ያዙልኝ፤ 72 ሰዓት። የተደፈረች ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤች.አይ.ቪ እንዳይዛት የሚከላከል፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ይሰጣታል። በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። እርግዝና የሚከላከል ክኒንም አለ። ሰዓቱን የሚበላው ግን የመንገዱ ርቀት ብቻ አይደለም። በሥራዬ እንዳየሁት ልጅቷ ከደፈራት ሰው ይልቅ የምትደበቀው ከጎረቤት አፍ ነው።

ሴቶች ግን ተጎጂ ብቻ አይደሉም

በኦሮሞ ባህል፣ በተለይ በአርሲና በጉጂ፣ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የተባለ ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ሁለት ወገን ሲጣላ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሐል ይቆማሉ። ሲንቄን ተሻግሮ መምታት ነውር ስለሆነ ጠቡ ይበርዳል። ባሏ የበደላት ሴትም ሲንቄዋን ይዛ ስትጮህ ሌሎቹ ተከትለዋት ይወጣሉ፤ በዳዩ እስኪክስም ይጸናሉ። ልብ በሉ! ጦር የሚያስቆመውና የአንዲትን ሴት በደል የሚያስክሰው በትር አንድ ነው። የሴቷ ክብር በተረገጠበት ሰላም አለ ማለት አይቻልም።

የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ውሳኔ 1325 ሴቶች በሰላም ድርድር እንዲሳተፉ ጠይቋል። በመንግሥትና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል በ2015 እና በ2016 ዓ.ም ታንዛኒያ ላይ የተደረጉት ሁለት ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። ሰላሙ ዘግይቶ ሲቀር ዋጋውን በየቤቱ የሚከፍሉት እናቶች ናቸውና ቃላቸው ሊሰማ ይገባል።

ታዲያ ከእናንተ ምን ይጠበቃል?

ጥቃት የደረሰባትን ጓደኛችሁን አትሟት፤ አብራችኋት ጤና ጣቢያ ሂዱ። በስልክ የሚመጣላችሁን የጥላቻ ወሬ አታስተላልፉ። በክበባችሁ እናቶችን ጋብዙና እንዴት እንደሚያስታርቁ ጠይቋቸው።

ሰላምና ጤና ለሁላችን!