የደከመው ሞተሩ ነው ወይስ ፕሮፔለሩ?

በጣና ሐይቅ ላይ መንገደኛ የሚያመላልስ አንድ የጀልባ ባለቤት፣ በእቁብ ገንዘብ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገዛ እንበል። ሞተሩ አዲስ ነው፤ ካርቶኑ እንኳ ገና አልተጣለም። ይሁን እንጂ ጀልባዋ ሰው ሞልታ ጋዙ እስከ መጨረሻው ሲከፈት አፍንጫዋን ሰቅላ ውሃውን ታርሳለች እንጂ አትፈጥንም። ቤንዚኑ ግን ያልቃል። ባለቤቱ ጥቂት ወራት ከተንገላታ በኋላ «ሞተሩ ደካማ ነው» ይልና በደላላ በኩል ከገዛበት በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ይሸጠዋል። ገዢው ነገሩ የገባው ከሆነ ሞተሩን አይነካውም፤ ፕሮፔለሩን ብቻ ለውጦ ሥራውን ይቀጥላል።

በዚህ ዓይነት ግብይት የሚጠፋው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ለኪሳራው መነሻ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕሮፔለሩ እምብርት ላይ የተቀረጸ አንድ ቁጥር ነው።

በፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ። ለምሳሌ «9¼ በ10» የሚል ከሆነ የመጀመሪያው የስፋቱ ልክ ሲሆን ሁለተኛው ፒች ይባላል። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ ልክ ብሎን እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ፣ ወደፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት ነው። 10 ኢንች 25.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 5,500 ጊዜ ቢዞርና ማርሹ ዙሩን በግማሽ ቢቀንሰው ፕሮፔለሩ በደቂቃ 2,750 ጊዜ ይዞራል። በሰዓት ሲሰላ ወደ 42 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው።

ውሃ ግን እንጨት አይደለም፤ ያንሸራትታል። ቀላል ጀልባ ከዚህ ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉን በመንሸራተት ሲያጣ፣ ጭነት የበዛባት ከባድ ጀልባ 40 በመቶና ከዚያም በላይ ልታጣ ትችላለች። ይህን ያላገናዘበ ገዢ «ፒቹ ከፍ ያለው ፈጣን ነው» ብሎ ይደመድማል። በወረቀት ላይ አልተሳሳተም። የዘነጋው ነገር ሞተሩ ያንን ፕሮፔለር እየጎተተ 5,500 ዙር መድረስ አለመድረሱን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጭነት ሞልቶ የዓባይን በረሃ በአራተኛ ማርሽ ሊወጣ የሚሞክር አይሱዙ ማሰብ ይበቃል። ሾፌሩ ጋዙን ቢረግጠው ሞተሩ ያጓራል፣ ይሞቃል፣ ነዳጅ ይጨርሳል፤ መኪናው ግን አይወጣም። ከፍተኛ ፒች ያለው ፕሮፔለር ለጀልባ እንደ ከባድ ማርሽ ነው። ሞተሩ ዙሩን ሳይጨርስ ጋዙ ተከፍቶ ሲቆይ ሙቀቱ ይበዛል፣ ካርቦን ይጠራቀማል፣ ፒስቶንና ኩሽኔታ ያለጊዜያቸው ያልቃሉ። የባሰው ነገር ጉዳቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው።

ለአገራችን ሐይቆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ከፍታ። አየር ከፍ ባለ ቦታ ስለሚሳሳ ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 15 የነበረው የፈረስ ጉልበት ባሕር ዳር ሲደርስ ወደ 12 ይወርዳል። ዝዋይና ሐዋሳም ከ1,600 ሜትር በላይ በመሆናቸው ብዙ አይሻሉም። ጫሞ ዝቅ ይላል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 640 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጉዳቱ እዚያ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም ከግድቡ ሐይቅ «በደንብ ሲሠራ የነበረ» ተብሎ ወደ ጣና የሚመጣ ሞተር ላይ ሻጩ ሳይዋሽ ገዢው ሊከፋ ይችላል።

ካርቡሬተር ያለው ሞተር በከፍታ ቦታ ቤንዚን ስለሚበዛበት መካኒክ ሊያስተካክልለት ይገባል። በኮምፒዩተር ነዳጅ የሚረጨው ዓይነት ራሱን ያስተካክላል፤ የጎደለውን አየር ግን እሱም ከየትም አያመጣውም። ስለዚህ ለሁለቱም መፍትሔው ፒቹን ዝቅ ማድረግ ነው።

ምን ያህል ዝቅ ይበል? ይህ በግምት የሚወሰን አይደለም። ጀልባዋ በተለመደው ጭነቷ፣ ባዶዋን ሳይሆን፣ ወደ ሐይቁ ትውጣ፤ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ይከፈትና ዙሩ በታኮሜትር ይነበብ። ሽቦዋ በካንዴላው ገመድ ላይ የምትጠመጠም ትንሽ መለኪያ ለዚህ ትበቃለች። ከዚያ የአምራቹን መጽሐፍ መመልከት ነው። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ5,000 እስከ 6,000፣ አንዳንድ ቤንዚንና ዘይት ቀላቅለው የሚሠሩት ደግሞ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ይፈቀድላቸዋል። የሚፈለገው በዚህ ክልል የላይኛው ግማሽ ውስጥ መገኘት ነው። ፒች በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ በ200 ገደማ ይጨምራል። ከ5,000 እስከ 6,000 የተፈቀደለት ሞተር ባለ 10 ኢንች ፕሮፔለር ይዞ 4,900 ላይ ቢቆም፣ ባለ 8 ኢንች ቢገጠምለት ወደ 5,300 ይደርሳል።

ባዶ ጀልባ ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ሊቀንስ እንደሚችል መደበቅ አይገባም። ይሁንና ገንዘብ የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው። በሌላ በኩል ፒቹ ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር አልፎ ይጮኻል፤ ይህም ቢየላና ቫልቭ ይጎዳል። አንድ ቀን ሁለት ቱሪስት፣ ሌላ ቀን ደግሞ እህል የሚጭን ባለ ጀልባ ሁለት ፕሮፔለር ቢይዝ ይሻለዋል። መለወጡ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ቢመታውም ሌላው መጠባበቂያ ይሆናል።

አዲስ ፕሮፔለር ከመግዛት በፊት ግን አሮጌው ይፈተሽ። የታጠፈ ክንፍ፣ የተጠመጠመ እምቦጭ፣ ከጀልባዋ ወለል በጣም ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሞተር ሁሉም ፍጥነት ይቀንሳሉ። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ ካልተንቀሳቀሰች ደግሞ በእምብርቱ ውስጥ ያለው የጎማ ቡሽ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ እንደ ተበላ ፍሪሲዮን ነው፣ ከፒች ጋር ግንኙነት የለውም።

ገበያ የሚወጣ ሰው አሮጌውን ፕሮፔለር በእጁ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል፤ የዘንጉ ጥርስ ብዛት ከሞተር ሞተር ይለያያልና። አይዝጌ ብረቱ ውድና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ድንጋይ ሲመታ ምቱን ለማርሹ ያስተላልፋል። አሉሚኒየሙ ራሱ ታጥፎ ማርሹን ያተርፋል፤ ለትንሽ ሞተርና ድንጋያማ ዳርቻ እሱ ይበቃል።

ደላሎችም «ደካማ» የተባለ ሞተር ሲቀርብላቸው ሁለት ጥያቄ ቢጠይቁ ዋጋው በእጃቸው ይሆናል፤ የት ሐይቅ ላይ ነበር? ፕሮፔለሩ ስንት በስንት ነው? አስመጪው በበኩሉ ሞተሩን ሲያዝዝ ዝቅ ያለ ፒች ያለው ፕሮፔለር ጨምሮ ቢያስመጣ፣ ባሕር ዳር ላይ ሁለቱን አብሮ የሚሸጠው እሱ ይሆናል።