ሥራን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት

ተማሪዎች፣ ከዚህ በፊት የአንድን ነገር መልክና ጠባይ የሚገልጽ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ አጥንታችኋል። አሁን ደግሞ አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳ ድርሰት ትማራላችሁ። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ጸሐፊ ከአንባቢው አጠገብ ቆሞ እጁን ይዞ ሊመራው አይችልም፤ ያለው መሣሪያ ቃል ብቻ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው ሥራ በመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የኮምፒውተርን የመጀመሪያ አጠቃቀም ማስተማር ነው። ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን የአምስት ዓመት ሕፃን ያልገባውን እንደ ገባው አያስመስልም፤ አነጋገራችሁ ግልጽ ካልሆነ ወዲያው በእጁ ያሳያችኋል።

እስቲ አንዲት መምህርት «ማውሱን ወደ ላይ ውሰደው» ብላ አዘዘች እንበል። ሕፃኑ ማውሱን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣና ወደ ጣሪያው ያቀናዋል፤ ወይም ወስዶ ከስክሪኑ ላይ ይለጥፈዋል። ጥፋቱ የሕፃኑ አይደለም። ማውሱ በጠረጴዛው ላይ ወደ ፊት ሲገፋ በስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ላይ እንደሚወጣ እኛ ከልማድ ብዛት አናስተውለውም፤ ለእርሱ ግን አዲስ ነገር ነው። «ሥዕሉን ክፈት» በተባለ ጊዜም እንዲሁ ነው። በር ይከፈታል፤ ሣጥን ይከፈታል፤ ሥዕል እንዴት ይከፈታል? «መስኮቱን ዝጋ» ሲባል ተነሥቶ ወደ ክፍሉ መስኮት ቢሄድስ ማን ይፈርድበታል? እነዚህ ቃላት በኮምፒውተር ሥራ ፍካሬያዊ ፍቺ ይዘዋል፤ ሕፃኑ የሚያውቀው ግን እማሬያዊ ፍቺያቸውን ነው። እንዲህ ባለ ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ የተሳቀበት ሕፃን ደግሞ መሣሪያውን መንካት ይፈራል። (ማውስ በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት መሆኑን ሲሰሙ ግን ይሳቁ፤ የሳቁበትን ስም አይረሱትም።)

ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«መምህርቷ ኮምፒውተሩን ከማብራቷ በፊት አንዱን ሕፃን በክፍሉ ወለል ላይ እንደ ቀስት ታቆመዋለች። ጓደኞቹም ‹ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሂድ፤ ወደ ቀኝ ዙር፤ ቁም› እያሉ ኳሱ ካለበት ያደርሱታል። በማግሥቱ እያንዳንዱ ሕፃን ማውሱን በእጁ ይዞ፣ ከጠረጴዛው ሳያነሣ ቀስ እያለ እየገፋ፣ ቀስቱን ከአንድ ትልቅ ሥዕል ላይ ያደርሳል። ከዚያም እጁን አርግቶ የግራውን ቁልፍ በሌባ ጣቱ አንድ ጊዜ ይጫናል። ሁለት ጊዜ አከታትሎ መጫን ለሌላ ቀን ይቆያል፤ የሕፃን እጅ በመካከሉ ስለሚነቃነቅ ቀስቱ ከሥዕሉ ላይ ይሸሻልና።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ይዞ» እና «አርግቶ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይፈጽምም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። በእንዲህ ያለው ድርሰት ውስጥ ግን የትኛው ሥራ እንደሚቀድም የሚነግረን እርሱ ነው። «እጁን አርግቶ ይጫናል» የሚለውን «ተጭኖ እጁን ያረጋል» ብትሉት ቃላቱ ያው ሆነው ሥራው ይበላሻል። «እየገፋ» ደግሞ ከማሰሪያው ጋር አብሮ የሚሄድ ሥራን ያመለክታል።

የወለሉ ጨዋታ ዝም ብሎ ማዝናኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ሲይሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞንና ዋሊ ፎይርዛይግ ሎጎ የተባለውን ለልጆች የታሰበ የኮምፒውተር ቋንቋ ሠሩ። በኋላም በትእዛዝ በወለል ላይ የምትሄድ «ኤሊ» የተባለች ማሽን ተጨመረችበት። ልጆቹ ትእዛዙ ሲያስቸግራቸው ራሳቸው እንደ ኤሊዋ እየተራመዱ መንገዱን ይፈልጉ ነበር። በአገራችንም የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ፊደል ሲቆጥር እያንዳንዱን ሆሄ በስንደዶ እየነካ ነው፤ ዓይን እጅን ይከተላል።

በቁልፎች መጻፍን ማስቀደም ግን አይገባም። ሕፃኑ «ለ»ን አንድ ፊደል ብሎ ገና መለየቱ ነው። የኮምፒውተሩ ቁልፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የላቲን ፊደል የተቀረጸባቸው ስለሆኑ፣ በተለመደው አጻጻፍ «ለ»ን ለማግኘት ሁለት ቁልፎችን አከታትሎ መጫን ያስፈልጋል። በሰሌዳው ላይ የተማረውን ፊደል ከቁልፎቹ መካከል ፈልጎ ያጣ ሕፃን ሁለቱንም ይጠራጠራል። ጊዜውም አጭር ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንደሚሻል መክሯል።

ለብዙ ሕፃናት አንድ ኮምፒውተር ብቻ በሚኖርበት ክፍል ፈጣኑ ልጅ ማውሱን ከዘገምተኛው እጅ ይነጥቃል፤ ዘገምተኛውም ሲመለከት ውሎ ሳይማር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለዚህ ችግር የሚስማማ አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም ረዳት የሆነ ልጅ እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ በቃል ብቻ እንዲናገር ማድረግ ነው። መጀመሪያ «እዚያ! እዚያ ጋ!» ይላል። ጓደኛው ሳይገባው ሲቀር ግን «ከቀዩ ቤት በታች ያለውን ዛፍ ተጫን» ማለትን ይለምዳል። እናንተም ስትጽፉ እጃችሁ ወደ ኋላ እንደ ተጣመረ ቁጠሩት።

መልመጃ

ሀ/ ከላይ ከተሰጠው አንቀጽ ውስጥ ማሰሪያ አንቀጾቹን ለይታችሁ ጻፉ።

ለ/ ኮምፒውተር አይቶ ለማያውቅ የአምስት ዓመት ሕፃን ማብራትን፣ አንድ ሥዕል መምረጥንና ማጥፋትን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ። «ክፈት»፣ «ዝጋ» እና «አስቀምጥ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ።

ሐ/ የጻፋችሁትን ለጓደኛችሁ ስጡ። ጓደኛችሁ የተጻፈውን ብቻ ሳይጨምርና ሳይቀንስ በእንቅስቃሴ ያሳይ፤ እናንተ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። እጁ በቆመበት ቦታ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አስምራችሁ እንደገና ጻፉት።