አምባዛን ከጀልባ ላይ በማባበያና በብትን ማጥመድ

ባለፈው ወር በማታው ክፍል ስለ ዓሣ የአካል ክፍሎች ስናስተምር ከተማሪዎቹ የተነሣው ጥያቄ ስለ አካሉ ሳይሆን ስለ አያያዙ ነበር። ከካምፓችን ወጣቶች መካከል የይለፍ ወረቀት አግኝተው ወደ ቱርካና ሐይቅ ለመሄድና በጀልባ ላይ ሥራ ለመሞከር የሚያስቡ ስላሉ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ አንድ ዓሣ፣ ስለ አምባዛ፣ ከጀልባ ላይ በመንጠቆ እንዴት እንደሚያዝ እንማማራለን። እኔ ሥራውን ያየሁት ዝዋይ ሐይቅ ላይ ስለሆነ በዝዋይ እጀምራለሁ፤ ቱርካና የሚለይበትን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

አምባዛ ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቆዳው ልሙጥና አዳላጭ፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢም ያለው ዓሣ ነው። ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ወገኖች አሉ፤ ይህ የየቤቱና የየእምነቱ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምጽፈው ለሚበላውና ለሚሸጠው ነው። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት በሕይወት ይቆያል። በዝዋይ የጥንት ነዋሪ አይደለም። የሐይቁ ባለቤት ቆሮሶ ነው፤ አምባዛ በኋላ በሰው ምክንያት ገብቶ፣ ተራብቶ፣ ቤተኛ ሆኖ ቀርቷል። (ስደተኛን የሚያጽናና ዓሣ ነው ያለኝ ተማሪ አለ።)

ለትምህርታችን ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። አምባዛ ምግቡን የሚያገኘው በዓይኑ አይደለም። የሚኖረው በደፈረሰ ውሃ ውስጥ፣ ከሥር ጭቃው አጠገብ ሲሆን የሚንቀሳቀሰውም ይበልጡን በምሽትና በሌሊት ነው። ዓይኖቹም ትንንሾች ናቸው። የሚመራው በማሽተትና በመቅመስ ነው። እኛ ወጥ የምንቀምሰው በምላሳችን ነው፤ እርሱ ግን በጢሙም በጎኑም ይቀምሳል፤ ጣዕም የሚለዩት ጥቃቅን ነጥቦች በቆዳው ላይ ተበትነዋልና። በሰሜን አሜሪካ ወንዞች የሚኖረው ዘመዱ፣ ቻነል ካትፊሽ የሚባለው፣ እንዲህ ያሉ የጣዕም ነጥቦች ከ100,000 በላይ አሉት።

ሥጋ፣ ደም ወይም የኮመጠጠ እህል ውሃ ውስጥ ሲገባ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይሟሙና ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። አምባዛው ይህን ሽታ ሲያገኝ ወደ መነሻው እየተከተለ ይመጣል። እንግዲህ የአጥማጁ ሥራ ሁለት ነው፤ ሽታውን መላክና መንጠቆውን በሽታው መንገድ ላይ ማስቀመጥ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ማባበያና ብትን

ማባበያ የምለው መንጠቆው ላይ የሚሰካውን ምግብ ነው። ብትን የምለው ደግሞ መንጠቆ የሌለበትን፣ ዓሣውን ከሩቅ ለመጥራት ወደ ውሃ የሚጣለውን ነው። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያበላሹት ብትኑን ነው። ከመጠን በላይ ይጥላሉ፤ አምባዛው መጥቶ ይበላል፣ ይጠግባል፣ መንጠቆውን ሳይነካ ይሄዳል።

ለብትን የሚሆነው የሚጣል ነገር ነው፦ የዓሣ ሆድ ዕቃና ጭንቅላት፣ የከብት ደም፣ የዶሮ አንጀት፣ የጠላ አተላ። አሜሪካኖች ለቻነል ካትፊሽ በቆሎ ወይም ስንዴ በውሃ ዘፍዝፈው እስኪኮመጥጥ ለቀናት አስቀምጠው ይበትኑታል፤ የእኛ አተላ ያንኑ ሥራ ያለ ወጪ ይሠራል። ከራሽን በቆሎና ዱቄት ግን አንድ ጣሳ እንኳ እንዳትነኩ። ልጆች የሚበሉት እህል ለሚመጣና ለማይመጣ ዓሣ አይበተንም።

ብትኑን በእጅ እየዘገኑ መወርወር ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙው ተንሳፎ ይሄዳል፣ የቀረውን ትንንሽ ዓሦች ይለቅሙታል። የተሻለው ዘዴ አሮጌ ጆንያ መጠቀም ነው። ብትኑን ከሁለት ጡጫ ከሚያህል ድንጋይ ጋር ጆንያው ውስጥ ክተቱ፤ አፉን እሰሩ፤ ጎኑን በሚስማር በሳሱ፤ በገመድ እስከ ሐይቁ ወለል አውርዱት። ሽታው በቀዳዳው እየወጣ ይሄዳል፣ ዓሣው ግን አይጠግብም። በየሩብ ሰዓቱ ገመዱን አንድ ሁለቴ ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ለማባበያ ከሽታ ሌላ ጥንካሬ ያስፈልጋል። እንጀራና ሊጥ ወዲያው ይረግፋሉ። ጉበት ጥሩ ይሸታል ነገር ግን ይላላል፤ በክር ጠምጥሙት። ከሁሉም የሚመረጠው ከነቆዳው የተቆረጠ የቆሮሶ ሥጋ ነው፤ ቆዳው መንጠቆውን ይዞ ይቆያል። የመሬት ትልም ይሠራል። ሳሙና ቆርጠው የሚሰኩ አጥማጆች አሉ፤ ነገሩ ቀልድ አይደለም፣ በስብ የተሠራ ሳሙና አምባዛን ይስባል። ለእኛ ግን ሳሙናው ለልብስ ቢውል ይሻላል። የመንጠቆው ጫፍ ከማባበያው ወጣ ብሎ መታየት አለበት፤ ሙሉ በሙሉ ከተቀበረ የዓሣውን አፍ አይዝም። ማስመጫው እርሳስ ወይም አሮጌ ብሎን ሊሆን ይችላል፤ ከመንጠቆው ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር።

ጀልባውን ማቆም

ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው። አምባዛ የሚገኘው በፊላውና በደንገሉ ጠርዝ፣ እንዲሁም የመቂና የከታር ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡበት አካባቢ ነው። በክረምት ውሃው ሞልቶ ሣሩን ሲሸፍን እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር ይወጣል። ያን ጊዜ መያዝ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሆዷ ያበጠ እናት አምባዛ የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ይዛለችና ወደ ውሃ ብትመልሷት ትጠቀማላችሁ።

ቦታውን ከመረጣችሁ በኋላ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እወቁ። ገለባ ጥሎ ማየት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ገለባ የሚያሳየው ነፋስ የሚገፋውን የላዩን ውሃ ብቻ ነው። አምባዛው ከታች ነው። ስለዚህ ቀለል ያለ ማስመጫ የታሰረበትን ክር ወደ ታች ልቀቁና ወዴት እንደሚያዘነብል ተመልከቱ። ሽታውም ወደዚያው ይሄዳል። ጆንያው ከጀልባው ሥር ይሁን፤ መንጠቆዎቹን ግን ክሩ ወዳዘነበለበት አቅጣጫ፣ ከጆንያው ከ5 እስከ 10 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ጣሉ። ዓሣው ወደ ጆንያው ሲመጣ በመንገዱ ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው ማባበያውን ይሆናል።

ጀልባው ከዞረ ይህ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ውሃው ጸጥ ባለ ጊዜ ከፊትም ከኋላም መልሕቅ ይጣላል፤ በገመድ የታሰረ ድንጋይም ይበቃል። የገመዱ ርዝመት የጥልቀቱን ሦስት እጥፍ ቢሆን ያዝ ያደርጋል። ነፋስ ሲነሣ የኋላውን መልሕቅ ፈጥናችሁ አንሡ። ጀልባ በፊቱ ብቻ ታስሮ ወደ ማዕበሉ ሲዞር ይችለዋል፤ በኋላው ከታሰረ ግን ውሃው በጀርባው ገብቶ ይሞላዋል። ለዓሣ ሲባል የኋላ መልሕቅ ላይ መከራከር በነፍስ መጫወት ነው።

አርባ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ምንም ካልነካ ቦታ ለውጡ። አምባዛ በሌሊት ይበልጥ ይይዛል፤ በዝዋይ ግን ጉማሬም የሚወጣው በሌሊት ነው፤ ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ሠርቶ ሳይጨልም መመለስ ይመረጣል።

ሲይዝ

አምባዛ መጀመሪያ ይነካካል፣ ቀጥሎ ይዞ ይሄዳል። በነካካ ጊዜ አትሳቡ፤ ክሩ ሲሄድ ሳቡ። ክሩን በጣታችሁ ላይ ፈጽሞ አትጠምጥሙ። ከ1 ሜትር የሚበልጥ አምባዛ አለ፤ የናይለን ክር ጣት ይቆርጣል። ወደ ጀልባው ሲደርስ በመረብ አንሡት። በሁለቱ የጎን ክንፎቹ ፊት ጠንካራ እሾህ አለ፤ እጃችሁ ከእሾሁ በስተጀርባ ይሁን። የወጋው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ክሊኒክ ይሂድ፤ ቸል ከተባለ ያመረቅዛል። ከውሃ ወጥቶ ስለማይሞት ራሱን መትቶ ወዲያው መግደል ይገባል፤ ካልሆነ እየተገላበጠ መንጠቆውን እግር ላይ ይተክላል። ሆድ ዕቃው ቶሎ ይውጣ፤ ለነገ ብትን ይሆናል። ሥጋው በደንብ ይብሰል።

ስለ ቱርካና

ቱርካና ዝዋይ አይደለም። ሐይቁ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ውሃው ጨዋማነት አለው፣ ከሚገባው ውሃ አብዛኛው ከኦሞ ወንዝ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ነፋስ ብዙ ጊዜ በሌሊትና በጧት ይበረታል፤ በዝዋይ የለመዳችሁት ትንሽ ታንኳ እዚያ አይሆንም። ሁለተኛ፣ በዝዋይ የሌለ አዞ እዚያ ሞልቷል። ደምና ሆድ ዕቃ ውሃ ውስጥ ስትጥሉ አዞንም እየጠራችሁ ነው። እጃችሁን ወይም እግራችሁን ወደ ውሃ አትስደዱ፣ ጆንያውን በረጅም ገመድ አንሡ፣ ዓሣ በዳር ቆማችሁ አትጠቡ።

በሰሜኑ ጫፍ ኦሞ በሚገባበት አካባቢ ውሃው ለአምባዛ ይመቻል። ነገር ግን ያ ድንበር ነው። በቱርካናና በዳሰነች ሰዎች መካከል በዓሣ ማጥመጃ ቦታና በግጦሽ ምክንያት ግጭት ይነሣል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በቶዶኛንግ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሐይቁ ላይ ሰዎች ተገድለዋል። ኢትዮጵያዊ ስደተኛ በዚያ ውሃ ላይ ማን እንደሆነ የሚጠይቀው አያገኝም፤ አትሂዱ።

በሌላውም ዳርቻ ቢሆን ከካምፕ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት፣ ለገበያ ለማጥመድ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። በየዳርቻው ቢ.ኤም.ዩ. የሚባል የአጥማጆች ኮሚቴ አለ። መጀመሪያ ወደዚያ ሄዳችሁ ብትን መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ እንደተዘጋ ጠይቁ። የነፍስ አድን ጃኬት የማይሰጥ ባለ ጀልባ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ገለባው ወደ ምሥራቅ ቢሄድና ማስመጫ ያለበት ክር ወደ ምዕራብ ቢያዘነብል መንጠቆውን ወዴት ትጥላላችሁ? ለምን?

2. ብትን በጆንያ ሲሆንና በእጅ ሲወረወር ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

3. በሁለት መልሕቅ ቆማችሁ ሳለ ነፋስ ቢነሣ መጀመሪያ የምታነሡት የትኛውን ነው?

መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ሐሙስ ወደ ማታው ክፍል አምጡ።