አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ

ኮሎራዶ፣ አውሮራ፤ ቅዳሜ ጠዋት። ጋሼ ሙያቸውን የተማሩት አዲስ አበባ፣ በአንድ የላንድክሩዘር ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚህ አገር ከመጡም በኋላ ጡረታ እስኪወጡ እጃቸው ከመፍቻ አልተለየም። ጠያቂዋ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ሥራዋ ነርስነት፣ ደስታዋ ተራራ ነው። የገዛችው የ2004 ጂፕ ራንግለር በቀድሞ ባለቤቱ ሁለት ኢንች ተኩል ከፍ ተደርጓል። በሁለቱ መካከል ወለሉ ላይ አንድ የተከፈተ ካርቶን አለ።

ልጅቷ፦ ጋሼ፣ ከፍቼ ሳየው እኮ ሁለት አጫጭር ብረትና ጥቂት ፒን ብቻ ነው። ይኼን መግጠም ይከብዳል?

ጋሼ፦ መግጠሙ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መጀመሪያ ግን የምንፈታው ነገር ምን እንደሚሠራ እወቂ። ጎንበስ በይና ከፊት በኩል እዪ። ሻንሲው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ክብ ብረት አለ፤ ጫፎቹ ወደ ኋላ ታጥፈዋል። ከየጫፉ አንድ አጭር ዘንግ ወደ አክስሉ ይወርዳል። አግድሙ ስታቢላይዘር ነው፤ እዚህ አገር ስዌይ ባር ይሉታል። አጫጭሮቹ ሊንክ ይባላሉ። አንቺ የገዛሽው በእጅ የሚፈታ ሊንክ ነው።

ልጅቷ፦ ስታቢላይዘሩ መኪናውን ይሸከማል?

ጋሼ፦ አይሸከምም፤ ሸክሙ የሞላው ነው። ልብስ ስትጨምቂ አስቢው። ሁለቱን እጅሽን ወደ አንድ አቅጣጫ ብታዞሪ ልብሱ ዝም ብሎ ይዞራል። አንዱን ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ ስታዞሪ ግን ይከርራል። ይኼም ብረት እንደዚያው ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ጉብታ ላይ ሲወጡ በላስቲክ ማቀፊያዎቹ ውስጥ ይዞራል እንጂ ምንም አይከለክልም። አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሳ ይጠመዘዛል፤ ብረት ነውና ወደ ነበረበት ለመመለስ ይታገላል፣ ሌላውንም ጎማ አብሮ ሊያነሳ ይሞክራል። ኩርባ ላይ መኪናው ወደ ውጭ እንዳይተኛ የሚይዘው ይህ ትግል ነው። አገር ቤት ሳለሁ ሊንኩ በተሰበረ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርጃለሁ። በየኩርባው መኪናው ይተኛል፤ ሹፌሩ መሪውን ሲመልስ ዘግየት ብሎ በሌላ ጎኑ ይተኛል። ድልድዩ እስክንደርስ ማንም አላወራም።

ልጅቷ፦ ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ታዲያ ለምን እንፈታዋለን?

ጋሼ፦ ድንጋይ ላይ ያው ጥቅሙ ጉዳት ስለሚሆን ነው። ቀኝ ጎማሽ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣ እንበል። ግራው ወደ ጉድጓዱ ወርዶ መሬት መርገጥ አለበት። ስታቢላይዘሩ ግን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ጎማው ክብደት ያጣል፣ አንዳንዴም አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዲፈረንሻልሽ መቆለፊያ የሌለው ተራ ስለሆነ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ቀለለው ጎማ ይሄዳል፤ የተንጠለጠለው በባዶ ይሽከረከራል፣ መኪናው ይቆማል። ሰው ያኔ ይደነግጥና ነዳጅ ይረግጣል። ጎማው ድንገት መሬት ሲያገኝ መኪናው ይዘላል፤ ጎማውን የሚያዞረው ሴሚያስ የሚሰበረው በዚህ ጊዜ ነው። ሊንኩ ሲፈታ አክስሉ እንደ መሬቱ ይጋደማል፣ አራቱም ጎማ ይረግጣል፣ አንቺም ወንበርሽ ላይ ሳትወራጪ በዝግታ ታልፊያለሽ።

ልጅቷ፦ እንግዲያው አንዴ አውጥቼ ብጥለውስ? ጓደኛዬ እንዲህ አድርጓል።

ጋሼ፦ ከዚህ ድንጋዩ ወዳለበት ሞአብ ለመድረስ ስንት ነው? 350 ማይል ያህል፣ አብዛኛውም አይ-70 አውራ ጎዳና። ከተራራው እየወረድሽ፣ ጎንሽ የጭነት መኪና፣ በ65 ማይል። አንድ ሰው ድንገት ፊትሽ ገባና መሪ ሰበርሽ። ቁመቱ የተጨመረ አጭር መኪና ያለ ስታቢላይዘር ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ እንድታዪው አልፈልግም። በእጅ የሚፈታው የተሠራው ለሁለቱም መንገድ ነው፤ አስፋልቱ ሲያልቅ ትፈቺያለሽ፣ አስፋልቱ ሲጀምር ትመልሺያለሽ።

ልጅቷ፦ ሩቢኮን የሚባለው ራንግለር ግን በቁልፍ ይፈታል አሉኝ።

ጋሼ፦ ከ2007 ወዲህ ያለው ሩቢኮን አዎ። ባለ አራት ጎማ ጉልበት ላይ ሆነሽ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ስታቢላይዘሩ መሐሉ ላይ ይለያያል። ከ18 ማይል በሰዓት ካለፍሽ ራሱ መልሶ ይያያዛል። ያንቺ ይህ የለውም። ያንቺን የሚያስታውስ አንቺ ብቻ ነሽ።

ልጅቷ፦ የኋላውንስ?

ጋሼ፦ የኋላውን አንነካውም። ጠንካራው የፊተኛው ነው፤ እሱ ሲፈታ አብዛኛው ነፃነት ይገኛል። የኋላው ተይዞ ሲቀር ሰውነቱ ዳገት ላይ ከልክ በላይ አይወዛወዝም።

ልጅቷ፦ እሺ፣ ክሪክ ላምጣ?

ጋሼ፦ ተይ! ክሪክ አሁን አይነካም። አንዱን ጎን ካነሳሽ ስታቢላይዘሩ ይጠመዘዛል፤ የተጠመዘዘ ብረት ላይ ያለ ሊንክ ሲፈታ ተስፈንጥሮ እጅ ይሰብራል። መኪናው ደልዳላ ወለል ላይ፣ በአራት ጎማው እንደቆመ፣ መሪው ቀጥ ብሎ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ገብቶ። ትናንት ማታ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ንፊበት ያልኩሽን አደረግሽ?

ልጅቷ፦ ሁለት ጊዜ ነፋሁበት።

ጋሼ፦ ጎበዝ። እዚህ በክረምት መንገዱ ላይ የሚረጩት ማግኒዥየም ክሎራይድ ቡሎን አይምርም። ከታች ጀምሪ። የቡሎኑ ራስ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ነው፤ ቲ-55 የሚባለው ኮከብ ቁልፍ ይገባበታል። ዳዶው 18 ቁጥር ነው። ኮከቡን ያዢና ዳዶውን ፍቺ። ኮከቡ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ግን በሚስማር ጠራርጊ፤ ቁልፉ እስከ ጥግ ካልገባ ጥርሱን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ መጋዝ ነው።

ልጅቷ፦ ወጣ! የላይኛው ግን ዳዶው ተፈትቶም ንቅንቅ አይልም።

ጋሼ፦ አይልም፤ የላይኛው እግር ሾጣጣ ነው፣ እንደ ቴስቲኒ። ጠብቆ የሚቀመጠው በሾጣጣነቱ ነው። መዶሻ አታንሺ። ያቺን መጎተቻ ወስደሽ ከሥሩ አስገቢና ቡሎኗን ቀስ እያልሽ አጥብቂ። ፊትሽን ዞር አድርጊ፤ ሲለቅ ድምፅ አለው።

(ድምፁ ተሰማ። ልጅቷ ሳቀች። ግራውንም እንዲሁ አወጣችው።)

ልጅቷ፦ የድሮው አጭር ነው ጋሼ። አዲሱ ይረዝማል፤ ልክም ያልሆነ መሰለኝ።

ጋሼ፦ ይርዘም። ቀድሞ የነበረው ሰው ሞላውን ሲያስረዝም ሊንኩን እንደነበረ ትቶታል። ለዚህ ነው የስታቢላይዘሩ ክንዶች ወደ ታች ያዘቀዘቁት። አዲሱ ጥርስ ስላለው ይረዝማል፣ ያጥራል። መኪናው በራሱ ክብደት ቆሞ ክንዶቹ ከወለሉ ጋር ትይዩ እስኪሆኑ ድረስ አስተካክዪው። ከዚያ ሜትር አምጪና ሁለቱን ለኪ፤ ቀኝና ግራ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ቢረዝም ስታቢላይዘሩ ቆሞም የተጠመዘዘ ይሆናል፣ መኪናው ባንድ ጎን ያነክሳል፣ ፒኑም በጭራሽ በሰላም አይገባም።

ልጅቷ፦ ላይኛው ቀዳዳ ሾጣጣ ከሆነ አዲሱ ቡሎን እንዴት ይገባል?

ጋሼ፦ ጥሩ አየሽ። የመግጠሚያ ወረቀቱ ምን ይላል? አንዳንዱ ዕቃ ለሾጣጣው የሚሆን እግር ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ቀጥ አድርጉ ይላል። ወረቀቱ ካላለ አትሰርስሪ፤ ካለም በሚለው ቁጥር ብቻ። የታችኛው እግር አክስሉ ላይ ካለው መያዣ ጋር ለዘለቄታው ይታሰራል። ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ፣ ወረቀቱ ላይ ባለው ልክ። ከእግሩ ጫፍ ላይ ሊንኩ ይሰካል፣ ከፊቱ ፒኑ ያልፋል። የላይኛውን ቦኮላ የሚይዘውን ቡሎን የመጨረሻ ጥብቀት የምትሰጪው መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ የቦኮላው ላስቲክ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ሳይቆይም ይቀደዳል።

ልጅቷ፦ ይኼ መንጠቆ የሚመስለውስ?

ጋሼ፦ እሱ ለእኔ ከሊንኩ አይተናነስም። የፈታሽውን ሊንክ የት ታደርጊዋለሽ? ክንዱን ወደ ላይ ታነሺና ሊንኩን እዚያ መያዣ ላይ ትሰኪዋለሽ። ካልተያዘ ስታቢላይዘሩ እየተወዛወዘ ሊንኩን ጎማው ላይ ወይም የፍሬን ቱቦው ላይ ይጥለዋል። አንድ ጎን ብቻ ፈትቶ መሄድም ያው ነው። መያዣውን ካሰርሽ በኋላ መሪውን እስከ ጥግ ግራ፣ እስከ ጥግ ቀኝ አዙሪና ጎማው የትም እንደማይነካ በዓይንሽ እዪ።

ልጅቷ፦ አልነካም። አለቀ?

ጋሼ፦ አሁን ነው ክሪኩ የሚመጣው። ሁለቱም ተፈትተው እንዳሉ ቀኙን የፊት ጎማ አንሺ፤ አንሺ፣ ጨምሪ። አሁን ወደ ግራው ሂጂና የተንጠለጠለውን ጎን እዪ። ስታቢላይዘሩ እያለ አክስሉ እስከዚህ ወርዶ አያውቅም። የፍሬን ቱቦው እንደ ክራር ክር ተወጥሯል ወይስ ገና መተጣጠፊያ ቀርቶታል? ሞላው መቀመጫው ላይ አለ ወይስ ሊወጣ ነው?

ልጅቷ፦ ሞላው ደህና ነው። ቱቦው ግን... ጋሼ፣ ቀጥ ብሏል። አልተወጠረም ግን ምንም ትርፍ የለውም።

ጋሼ፦ እንግዲህ ረጅም ቱቦ ሳይገባ ድንጋይ አትወጪም። በዚህ አልደራደርም። ዛሬ እንገጥማለን፣ ቱቦውን በሚቀጥለው ሳምንት እንቀይራለን፣ ያን ጊዜ ትሄጃለሽ።

ልጅቷ፦ እሺ። እርስዎ ላይ ደርሶ ያውቃል እንዴ? እንዲህ ኮስተር ሲሉ አይቼዎት አላውቅም።

ጋሼ፦ ደርሷል። ከኢሞጂን መተላለፊያ እየወረድን ነበር። 13,114 ጫማ ላይ ያለ ቦታ ነው፣ በኡሬይና በቴሉራይድ መካከል። መሽቷል፣ እጃችን ደርቋል፣ ሁሉም ሰው ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ቀኙን መለስኩ። ግራውን እግሩ ላይ ሰካሁት፣ ፒኑን ግን ኪሴ ውስጥ ረሳሁት። አስፋልት ላይ ብዙ ማይል ከሄድን በኋላ ከሥር የመዶሻ ዓይነት ድምፅ መጣ። ስቆም ሊንኩ ከእግሩ ወጥቶ ጎማውን ከውስጥ በኩል እየፋቀው ነበር፤ ጣቴ የሚገባበት ቦይ ቆፍሯል። ኋላ ወንበር ላይ ሁለቱ ልጆቼ ተኝተው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፒኖቹን ፈትቼ ኪሴ አልከትም፤ መሪው ላይ አንጠለጥላቸዋለሁ። ፒኑ መሪው ላይ ካለ መኪናው አይነሳም።

ልጅቷ፦ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ጋሼ፦ አድርጊ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እግሩን ከጭቃ አጽጂ፣ ግራሶ ቀቢው፤ ካለዚያ በዝገት ተጣብቆ በእጅ የሚፈታው በመዶሻ የሚፈታ ይሆናል። ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሺ ዳዶዎቹን እንደገና በቶርክ ቁልፍ ሞክሪ። በይ አሁን ክሪኩን አውርጂና መልሰሽ ግጠሚ። እኔ አልነካም።

(ቀኙ ወዲያው ገባ። ግራው እግሩ ጫፍ ላይ ደርሶ ጥቂት ሚሊሜትር ቀረው። ልጅቷ በሁለት እጇ ገፋችው፤ አልሄደም።)

ልጅቷ፦ እምቢ አለ። ወለሉም ደልዳላ ነው፣ ርዝመቱም እኩል ነው። መዶሻ ልምታው?

ጋሼ፦ የለም። ተራራው ላይ እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል። አንቺ ሊንኩን እንደያዝሽ ቆዪ፣ እኔ መኪናውን ላወዛውዘው።

(ጋሼ የፊት መከላከያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተጫኑት፣ ለቀቁት፣ እንደገና ተጫኑት። ሞላዎቹ ተነፈሱ። በሦስተኛው ላይ ሊንኩ ከልጅቷ መዳፍ ሥር ጥርቅ ብሎ ገባ። እጇን ዘርግታ መሪው ላይ ከተንጠለጠሉት ፒኖች አንዱን አነሳች፣ አሳለፈችው፣ ጎተት አድርጋ ሞከረችው፤ ከዚያም ዞራ ወደ ቀኙ ሄደች።)