ፍራሽ ከመግዛት አስቀድሞ ጥራቱንና ተስማሚነቱን ስለ መመርመር

ቡና የሚገዛ ነጋዴ ፍሬውን በእጁ ዘግኖ ይመለከታል፤ ጨርቅ የሚገዛም ድሩንና ማጉን በጣቱ ዳስሶ ይለያል። ፍራሽ ግን ጕድለቱን በሽፋኑ ውስጥ ሰውሮ የሚሸጥ ዕቃ ስለ ሆነ፥ በዐይን ብቻ አይመዘንም። ከመርካቶ ፍራሽ ተራ በጅምላ አንሥቶ ወደ ክፍለ ሀገር የሚልክ ነጋዴ ያልመረመረውን ዕቃ ቢሸጥ፥ ፍራሹ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲጐደጕድ ደንበኛው የሚወቅሰው ሠሪውን ሳይሆን የሸጠለትን ባለሱቅ ነው። ስለዚህ የመመርመሪያውን መንገድ ማወቅ የንግዱ አንድ ክፍል ነው።

፩ኛ/ የስፖንጅ ፍራሽ። ስፖንጁ የሚሠራበትን ፖሊዩረቴን የተባለውን ነገር በ1937 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ያስገኙት ኦቶ ባየርና የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። የሚሠራውም ፈሳሽ ኬሚካሎች ተቀላቅለው እንደ ሊጥ ኩፍ ሲሉ ነው። ኬሚካሉ አንሶ አየሩ ሲበዛ ስፖንጁ ቀላልና ርካሽ ይሆናል፤ ነገር ግን ቶሎ ይተኛል። ነጋዴዎች ዴንሲቲ የሚሉት ይህንኑ እፍጋት ሲሆን፥ ትርጕሙ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ግራም ይመዝናል ማለት ነው።

ይህንን ለማወቅ ሚዛንና ሜትር ይበቃሉ። ርዝመቱ 190፥ ስፋቱ 120፥ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ ይዘቱ 0.456 ሜትር ኩብ ነው። ስፖንጁ ያለ ሽፋኑ 11.4 ኪሎ ቢመዝን እፍጋቱ 25 ይሆናል፤ 8.2 ኪሎ ብቻ ቢመዝን ግን 18 ያህል ነው። እንግዲህ በላዩ ላይ 25 ተብሎ የተጻፈበት ፍራሽ 8.2 ኪሎ ከመዘነ ጽሑፉ እውነተኛ አይደለም። በልምድ እንደሚታወቀው ከ20 በታች የሆነው አልፎ አልፎ ለሚመጣ እንግዳ እንጂ ለዘወትር መኝታ አይመከርም፤ ለዐዋቂ ሰው የዘወትር መኝታ 25ና ከዚያ በላይ፥ ሰውነቱ ለከበደ ደግሞ 30ና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል።

ውፍረቱንም መለካት ያስፈልጋል። 20 ሳንቲ ሜትር ነው ተብሎ የተሸጠው 18 ሆኖ ቢገኝ፥ 100 ፍራሽ የገዛ ነጋዴ የ10 ፍራሽ ስፖንጅ ጐደለበት ማለት ነው።

ሆኖም ክብደት ብቻውን አያስተማምንም። ክብደቱን ከፍ ለማድረግ በስፖንጁ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚጨመርበት ጊዜ አለና። ስለዚህ ስፖንጁን በመዳፍ አጥብቆ ተጭኖ መልቀቅ ይገባል፤ ደኅናው ወዲያው ይመለሳል፥ የእጅ ምልክት ይዞ የሚቈየው ወይም ሲታሽ ዱቄት የሚተወው ያጠራጥራል። ከስፖንጅ ቍርጥራጭ ተጨፍልቆ በሙጫ የተያያዘው ፍራሽም በተፈጥሮው ከባድ ስለ ሆነ ከላይ በተነገረው ልክ አይመዘንም። የቀለም ቢጫ መሆን ግን በብርሃን ምክንያት የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ብቻውን የጕድለት ማስረጃ አይሆንም።

፪ኛ/ የጥጥ ፍራሽ። የማዕዘኑን ስፌት ጥቂት ፈትቶ ጥጡን መዝዞ ማየት ነው። ጭረቱ ረጅም የሆነ ንጹሕ ጥጥ ሲሳብ ይለጠጣል፤ ከብጣሽ ጨርቅ የተፈታው ግን አጭርና አቧራማ ስለ ሆነ ወዲያው ይበጠሳል። የሻገተ ሽታ ያለው አይገዛም። ጥጥ እርጥበት ስለሚስብ ፀሐይ ላይ መሰጣት፥ ሲጠቀጠቅም እንደ ገና መነደፍ እንዳለበት ለገዥው መንገር ተገቢ ነው።

፫ኛ/ ተስማሚነት። ብዙዎች ወገቡን ለሚያመው ሰው እጅግ ጠንካራው ፍራሽ ይሻላል ይላሉ። ነገር ግን በስፔን አገር በ313 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት፥ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ከጠንካራው ይልቅ ሕመሙን እንዳቀለለ አሳይቷል። ለሕፃን ግን የማይሰረጕድና ደልዳላ የሆነው ያስፈልጋል። ስፖንጅ ሙቀት ስለሚይዝ እንደ ድሬዳዋ ወዳለው ቆላ የሚልክ ነጋዴ ሽፋኑ የጥጥ ጨርቅ የሆነውን ቢመርጥ ይጠቀማል፤ የፕላስቲክ ሽፋን ያስልባልና።

፬ኛ/ ለአስመጪዎችና ለመጋዘን ባለቤቶች። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የሚይዘው 67 ሜትር ኩብ ያህል ስለ ሆነ፥ ከላይ በተጠቀሰው ልክ የተሠራ ፍራሽ ሳይታጠፍ ከ150 በታች ብቻ ይገባበታል። ስለዚህ ፍራሽ አየሩ ተመጥጦ ተጠቅልሎ ይጫናል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ታሽጎ ከቈየ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላልና፥ ከየጭነቱ ጥቂቱን ፈትቶ እስከ 3 ቀን ካቈዩ በኋላ መለካት ይገባል።

ስፖንጅ እሳት ሲነካው ፈጥኖ ይነዳል፤ ጢሱም መርዝ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ በተጠጋጋ ሱቅ ውስጥ እሳት ምን ያህል እንደሚያጠፋ አሳይቷል። ፍራሽ የሚከምር ባለሱቅ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከምድጃ ሊያርቀው፥ መውጫ በሩንም በክምር እንዳይዘጋ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

በመጨረሻም ነገር ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፥ ጅምላ ገዥው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ልኩን፥ እፍጋቱንና ጕድለት ቢገኝ የሚመለስበትን ቀን በደረሰኙ ላይ ያስጽፍ።