ፈሪ ቡችላን ከእንግዳ ሰው ጋር ለማላመድ የቡና ሥርዓት ያለው ጠቀሜታ፦ ደሴና ኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ ለግቢ ጥበቃ የሚያድግ ቡችላ፣ ሰው እንዳይለምድ በሚል ገና በጨቅላነቱ የሚታሰርበት ጊዜ አለ። ልማዱ ከሥነ ባሕርይ ጥናት ጋር ይጋጫል። ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤልየት በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ እስከ 14ኛው ሳምንት ከሰው ተለይተው ያደጉ ቡችላዎች ሰውን አጥብቀው የሚሸሹና ለመገራት የሚያስቸግሩ ሆነው ተገኝተዋል። እንዲህ ያደገ ውሻ የሚማረው ፍርሃትን እንጂ ጥበቃን አይደለም፤ ማምለጫ ያጣ ፈሪ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ለማላመድ የቡና ሰዓት ይመቻል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ጎረቤት ረጋ ብሎ ይቀመጣልና። ቡችላው አይታሰር፤ መሸሸጊያውም ክፍት ይሁን። እንግዳው ትክ ብሎ አይየው፣ እጁንም አይዘርጋ። ባለቤቱ ወጥ ያልነካው የእንጀራ ቁራሽ (ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል) ከእንግዳው ራቅ አድርጎ ይጣልለት፤ መጠጋቱን ቡችላው ራሱ ይወስን። አቅፎ ለእንግዳ ማስያዝ ፍርሃቱን ያብሳል። በሃይማኖቱ ምክንያት ውሻ እንዲነካው የማይሻ እንግዳም እንከን አይሆንም፤ እንዲያውም ችላ ብሎ የሚቀመጠው ከሚያባብለው ይልቅ ይጠቅማል።

አስቸጋሪው የክትባቱ ጊዜ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በተለምዶ የሚሰጠው በ12ኛው ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ዋነኛው የማላመጃ ወቅት የሚያበቃውም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ማላመዱ ክትባቱን ሳይጠብቅ፣ ከመንገድ ውሾች ርቆ፣ በግቢ ውስጥ መጀመር ይኖርበታል።