ምድጃው በ500 ዲግሪ አይደር

(በአንድ የጥርስ ላቦራቶሪ፤ ወጣት ቴክኒሻንና ዕድሜያቸውን በምድጃ ጥገና ያሳለፉ አዛውንት)

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የዚርኮንያ ጥርሶቹ ቢጫ ብለው ወጡብኝ። ማሞቂያው ላይም ቢጫ ዱቄት አለ። ቀዝቅዞ እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነበር ሌሊቱን በ500 ዲግሪ ያሳደርኩት።

አዛውንቱ፦ ራርተሽለት አበላሸሽው በይኛ! ይሄ እኮ የምጣድ ሽቦ አይደለም። የምጣዱ ኒክሮም ከ1200 ዲግሪ በላይ አይዘልቅም፤ ዚርኮንያ ደግሞ ወደ 1500 ይፈልጋል። ይሄኛው የሞሊብዴነምና የሲሊከን ውህድ ነው፤ ሞሊብዴነም ዳይሲሊሳይድ ይባላል። 2030 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም።

ወጣቷ፦ ታዲያ 1500ን የቻለ እንዴት በ500 ይሸነፋል?

አዛውንቱ፦ ሞሊብዴነም ብቻውን አየር ላይ ቢግል ኦክሳይዱ እየተነነ ያልቃል። የሚያድነው ሲሊከኑ ነው። ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሲሊከኑ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ገላውን በስስ መስታወት ይሸፍነዋል። መስታወቱ ቢሰነጠቅ እንኳ ሙቀቱ መልሶ ይደፍነዋል። ከ400 እስከ 600 ባለው ግን መስታወቱ በቅጡ አይዘረጋም፤ የሞሊብዴነሙም ኦክሳይድ ለመትነን ሙቀቱ አይበቃውም። እዚያው ይከማቻል። ያየሽው ቢጫ ዱቄት እሱ ነው። በማግስቱ ምድጃው ሲግል ይተንና ጥርሱ ላይ ያርፋል። ማሞቂያው ስንጥቅና ቀዳዳ የበዛበት ከሆነማ ራሱም ይፈረፈራል።

ወጣቷ፦ ባለፈው ደግሞ አዲሱን ማሞቂያ ስገጥም እጄ ላይ ቀጭ አለ።

አዛውንቱ፦ ቀዝቃዛ ሳለ ተሰባሪ ነው፤ ጫን አይባልም። ሲግል ደግሞ ይለዝባል፤ ለዚህ ነው ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚሠራው።

ወጣቷ፦ ሲሊሳይድ ቺፕ ውስጥም አለ ይባላል። እዚያ ምን ያሞቃል?

አዛውንቱ፦ ምንም! እዚያ የተፈለገው ለመንገድነቱ ነው። ኤሌክትሪኩ ከብረቱ ወደ ሲሊከኑ ሲሻገር እንዳይቸገር ያደርጋል። ቀደም ሲል ከሲሊከኑ ጋር የሚዋሐደው ቲታኒየም ነበር፤ የቺፑ መስመሮች እየቀጠኑ ሲሄዱ ጥሩ አስተላላፊው የውህዱ ዓይነት አልፈጠር አለና ወደ ኮባልት፣ ከዚያም ወደ ኒኬል ተሄደ። እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። ኒኬሉን በገጹ ሁሉ ላይ ስስ አድርገው ያለብሱትና ያሞቁታል። ሲሊከን የነካው ይዋሐዳል፤ ኦክሳይድ ላይ ያረፈው ኒኬል እንደሆነ ይቀራል። የቀረውን በአሲድ ያጥቡታል። ውህዱ ማንም ሳያሰምርለት ቦታውን አግኝቶ ይቀመጣል።

ወጣቷ፦ የኔን ምድጃስ ምን ላድርገው?

አዛውንቱ፦ ኃይሉን ቁረጪ፤ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ዱቄቱን አጽጂ። ከዚያ መመሪያውን እያየሽ ባዶውን እስከ 1450 ዲግሪ አግይው፤ መስታወቱ ይመለሳል። ማታ ማታ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አጥፊው።